ዣቪ፣ ዣቢ፣ ሃቪ፦ ሦስት ተጫዋቾች፣ አንድ ስም

ይህን የስም ጥያቄ አንድ የአማርኛ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መነሻው ግን የእህቴ ልጅ ነው። 11 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ነፍሱ ነው። ስፔን ጆሃንስበርግ ላይ ሆላንድን ያሸነፈችበትን የ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በስልኬ እያየ ነበር። ድንገት ቀና ብሎ ዣቪና ዣቢ ስማቸው አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ከሆነ ለምን አንዱ በ"ቪ" ሌላው በ"ቢ" ይጻፋል? መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አላስተኛኝም።

ማታውኑ ጻፍኩ። በዚያ ቡድን ውስጥ አንድ ስም የያዙ ሦስት ሰዎች አሉ አልኩ። የባርሴሎናው ዣቪ ኸርናንዴዝ፣ ያኔ ሪያል ማድሪድ የነበረው ዣቢ አሎንሶ፣ ያኔ አትሌቲክ ቢልባኦ የነበረው ሃቪ ማርቲኔዝ። ሦስቱም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ይመስሉኛል። ልክ ነኝ ወይ? ስሙስ ከየት መጣ? በአማርኛ እንዴት ብንጽፈው ይሻላል?

በአራት ቀን 34 መልስ መጣ። ሰላምታ ብቻ የሆኑትን አልቆጠርኩም፤ እነዚህን በተራቸው እነግራችኋለሁ። የዓመተ ምሕረቶቹ አቆጣጠር የፈረንጅ ነው።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው የጻፈው። አመስግኖኝ ሲያበቃ ልክ መሆኔን ነገረኝ። ካታላኖች በራሳቸው መንገድ ይጽፉታል፣ ባስኮች በራሳቸው፣ የማድሪድ ሰዎች ደግሞ ሃቪየር ይሉታል። ዣቪ ቴራሳ ከምትባል የካታሎኒያ ከተማ ነው። ዣቢ የባስክ አገር ልጅ ነው፤ ቶሎሳ ተወለደ። ሃቪ ማርቲኔዝ በሰሜን ስፔን ያለችው የናቫራ ልጅ ነው። ስሙ ራሱም የናቫራ ልጅ ነው ብሎ አለፈ። ለምን እንደሆነ ግን አላብራራም።

መልስ 2 የቀረውን ክፍተት ሊሞላ ገባ። ስሙ ዐረብኛ ነው፣ ከ"ጃቢር" የመጣ ነው አለ። ማስረጃው ታሪክ ነው። ከ711 እስከ 1492 ድረስ ሙስሊም ገዥዎች ከስፔን ምድር አልጠፉም። ያን ያህል ዘመን የቆየ ሕዝብ ስም ሳይተው አይሄድም። መልስ 3 ከዱባይ የጻፈች እህት ናት። አብሯት የሚሠራ ጃቢር የሚባል ሰው አለ፤ ለጆሮዋ ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው። እውነት ለመናገር እኔም ለጥቂት ሰዓት አምኜ ነበር። ይህ አባባል በውጭ አገር የሕፃናት ስም መጽሐፎች ውስጥም ይዞራል።

መልስ 4 ግን ሁላችንንም ቀጥ አደረገን። ጸሐፊዋ በናቫራ ዋና ከተማ ፓምፕሎና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ከክሩ፣ ማለትም ከመልሶቹ ሰንሰለት ሁሉ፣ የወደድኩት የእሷን ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ከፓምፕሎና ወደ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሃቪየር የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤተ መንግሥት የመሰለ የድንጋይ ምሽግ አላት። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ቋንቋው ደግሞ ባስክ ነው። በባስክ "ኤቼ" ቤት ነው፤ "ቤሪ" አዲስ ነው። እኛ አዲስ ቤት የምንለውን እነሱ ገልብጠው ቤት አዲስ ይሉታል፦ ኤቼቤሪ። በጊዜ ብዛት የፊተኛዋ "ኤ" ወደቀች። "ቸ" ለዝባ "ሸ" ሆነች። "ቤሪ" ደግሞ በአካባቢው የላቲን ልጅ ቋንቋዎች አፍ ሲገባ "ቢየር" ሆነ። የላቲኑ "ቴራ" በስፓኒሽ "ቲየራ" እንደሆነው ማለት ነው። ሻቢየር እንዲህ ተወለደ።

እዚያው አጠገብ አራጎን ውስጥ ሃቪየሬላትሬ እና ሃቪየሬጋይ የሚባሉ መንደሮች አሉ። እነሱም "አዲስ ቤት" ናቸው። ኤቼቬሪያ የሚለው የቤተሰብ ስምም የዚህ ወንድም ነው። ከ1970 እስከ 1976 ሜክሲኮን የመሩት ሉዊስ ኤቼቬሪያ ስማቸው ሲፈታ "አዲሱ ቤት" ነው። ዐረብኛ በስፔን ስሞች ውስጥ የለም እንዳላለችም አስምራ ጻፈች። ማድሪዶች ሴት ልጃቸውን አልሙዴና ብለው ይጠራሉ፤ እሱ ከዐረብኛ ነው፤ ትንሽ ምሽግ ማለት ነው። ሃቪየር ግን አይደለም።

መልስ 5 በደስታ የተጻፈ ነው። አዲስ ቤት የሚባል ሰው! ጸሐፊው እኛም ጋ ቤት በስም ውስጥ እንዳለ አስታወሰን። ቤተልሔም የእንጀራ ቤት ናት። ስንቷ ልጅ በዚህ ስም ትጠራለች። ከተማ መሆኗን እንጂ ቤት መሆኗን ግን ስንጠራት አናስብም። መልስ 6 ያው የመልስ 2 ሰው ነው። ተሳስቻለሁ ብሎ መልስ 4ን አመሰገነ። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይታይም፤ አክብሬዋለሁ።

መልስ 7 አጭር ጥያቄ ነበር። የመንደር ስም እንዴት የሰው ስም ሆነ?

መልስ 8 የመለሰው ታሪክ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው ነው። ነገሩ ከአንድ ሰው ይነሳል። ሰውየው የክርስትና ስሙ ፍራንሲስኮ ነው። በ1506 በዚያ ምሽግ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሳለ አገሩ ናቫራ በ1512 በስፔን ንጉሥ ጦር ተያዘች። በ1516 የምሽጉ ግንቦች እንዲፈርሱ ታዘዘ። ለትምህርት ፓሪስ ሄደ። እዚያ ከኢግናሲዮ ደ ሎዮላ ጋር ተገናኘ፤ ኋላ ኢየሱሳውያን የተባለውን የካቶሊክ ማኅበር አብረው መሠረቱ። በ1542 ህንድ ጎዋ ደረሰ። በ1549 ጃፓን ገባ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1552 በቻይና ጠረፍ አንድ ደሴት ላይ አረፈ።

ሰዎች የሃቪየሩ ፍራንሲስኮ ይሉት ነበር። እኛ የመንዙ፣ የደብረ ታቦሩ እንደምንለው ነው። በ1622 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው። ከዚያ ወዲህ ወላጆች ልጆቻቸውን ፍራንሲስኮ ሃቪየር እያሉ በጥንድ መጥራት ጀመሩ። ቆይቶ ሃቪየር ብቻውን ቆመ። ዛሬም ሃቪ ሲባል የምንሰማው ብዙ ሰው መታወቂያው ላይ ፍራንሲስኮ ሃቪየር ነው። ቤት ውስጥ ፓኮ የሚሉትም አይጠፉም፤ ፓኮ የፍራንሲስኮ ቁልምጫ ነው። ሴቶች ደግሞ ሃቪየራ ይባላሉ፤ ቺሌ ውስጥ የታወቀ ስም ነው።

መልስ 9 በሁለት መስመር ያስደነቀኝ ሐሳብ አመጣ። እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። ሮሃ የከተማ ስም ነበር። ንጉሡ ላሊበላ ነበር። የሰውየው ስም ከተማዋን ዋጣት። ናቫራ ላይ መንደሩ ሰው ሆነ፤ ላስታ ላይ ሰው ከተማ ሆነ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ሰዓት ሳሰላስለው ቆየሁ።

ከዚህ በኋላ አየሩ ተለወጠ።

መልስ 10 ተቆጥቶ ገባ። የኢየሱሳውያንን ስም በአማርኛ መድረክ ላይ ማሞገስ ነውር ነው አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰውን ደም አነሳ። መልስ 11 ከእሱ ብሶ መጣ። ማንም ማንንም አላሞገሰም፣ ማንበብ የማይችል ሰው አይጻፍ ብሎ ዘለፈው። መልስ 12 የአሥረኛው ሰው መልሶ መምታት ነው፤ ያንን አልደግመውም።

መልስ 13 የታሪክ አስተማሪው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዓመቶቹን ደረደረ። ፍራንሲስኮ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ለእኛ የቀረበው ወደ ጎዋ ሲያልፍ ሶቆጥራ ደሴት ላይ ነው። የማኅበሩ ጳጳስ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ ወደ አገራችን የገባው በ1557 ነው፤ ፍራንሲስኮ ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ። የሱስንዮስ ነገር ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ንጉሡ ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ያወጁት በ1622 ነው። በዚያው ዓመት ሮም ላይ ፍራንሲስኮ ቅዱስ ተባለ፤ በዚያው ዓመት ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ ሞተ። በ1632 ደግሞ ሱስንዮስ አዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። የተቆጣው ሰው ሐዘኑ እውነት ነው፤ ብዙ ሺህ ገበሬ አልቋል። ግን ያ ዕዳ የአንድ ተከላካይ አማካይ ስም ላይ አይጻፍም አለ አስተማሪው። እኔም እዚህ ላይ ገብቼ ሁሉም ይቅር እንዲባባል ለመንኩ። መልስ 10ን የጻፈው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ቅር ብሎኛል፤ ስለ ሱስንዮስ ብዙ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

መልስ 14 ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ስሙን መጀመሪያ የሰሙት በኳስ ሳይሆን በሬዲዮ ነው። ከ1982 እስከ 1991 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ፔሩዊው ሃቪየር ፔሬዝ ደ ኩዬላር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ረሀብ ጊዜ ዜና በተነበበ ቁጥር ይጠሩ ነበር። ጋሼ ዛሬም ስሙን ሲሰሙ የሚታያቸው የእህል ሰልፍ ነው። መልስ 15 የአትሌቲክስ ወዳጅ ነው። ኩባዊው ሃቪየር ሶቶማዮር በ1993 ሳላማንካ ላይ 2 ሜትር ከ45 ሴንቲ ሜትር ዘሎ ክብረ ወሰኑ እስካሁን አለመሰበሩን ነገረን።

መልስ 16 ወደ ጥያቄዬ መለሰን፦ ድምፁ። ባለ መስቀሏ የላቲን ፊደል፣ "ኤክስ" የምንላት፣ በድሮ ስፓኒሽ እንደ "ሸ" ነበር የምትነበበው። ምስክሩ ዶን ኪኾቴ የሚባለው የስፔን ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ በ1605 ሲወጣ ስሙ በዚያች ፊደል ተጻፈ። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች በሰሙት ድምፅ ወሰዱት፤ ዛሬም ኪሾት እና ኪሾቴ ይላሉ። ስፓኒሽ ግን በዚያው ዘመን "ሸ"ን ወደ ጉሮሮ እየሳባት ነበር። በ1815 የስፔን የቋንቋ አካዳሚ የጉሮሮዋ ድምፅ በ"ጄ" ፊደል እንድትጻፍ ደነገገ። ሜክሲኮ የድሮውን አጻጻፍ ይዛ ቀረች፤ አነባበቧ ግን ሜኺኮ ነው። ካታላኑና ባስኩ ደግሞ "ሸ"ን አልለቀቁም። ስለዚህ ሻቢየር የድሮው ነው፤ ጉሮሮ የገባው የኋላው ነው።

መልስ 17 የጻፈችው የቋንቋ ተማሪ ናት። ይህን ስናነብ እንዴት አላስተዋልንም ብላ ጀመረች። ያቺ የስፓኒሽ የጉሮሮ ድምፅ በፊደላችን አለች፦ "ኸ"። ከ"ከ" ላይ ተቀጥላ የተሠራች ፊደል ናት። "ሸ" ከ"ሰ" ላይ እንደተሠራችው። እንግሊዝኛ ለዚህ ድምፅ የራሱ ፊደል የለውም፤ እኛ አለን። "ሃ" ብለን መጻፋችን ፊደሏን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው። ደግሞም ስፓኒሽ "ቪ" እና "ቢ"ን በድምፅ አይለይም። ካታሎኒያም አብዛኛው ቦታ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ነው። እንግዲህ ኻቢየር።

የእህቴ ልጅ ጥያቄ እዚህ ላይ ተፈታ። ጠርቼ ነገርኩት። በወረቀት ሁለት ፊደል፣ በአፍ አንድ ድምፅ። ደስ አለው። እኔም ከዚህ በታች ኻቢየር ብዬ እጽፋለሁ።

መልስ 18 ሞቅ ያለ ነው። አያቱ የወሎ ሰው ናቸው። "ከቤት" አይሉም፤ "ኸቤት" ነው የሚሉት። አያቱ ስፓኒሽ ሳይማሩ የኻቢየርን ስም ከማድሪድ ሰው እኩል ሊጠሩ እንደሚችሉ ጻፈ።

መልስ 19 አልተስማማም፤ ቃሉም ሻካራ ነበር። የኢትዮጵያ የስፖርት ጋዜጠኛ ለዓመታት ዣቪ ብሏል፣ ሕዝቡ በዚያ ያውቀዋል፣ ሰው የለመደውን ማፍረስ ዕውቀት አይደለም አለ። የሐሳቡ ክብደት ይገባኛል። ስም የሚጠራው እንዲታወቅ ነው። መልስ 20 ግን ረጋ ብሎ መለሰለት። ፖርቱጋሎች በ"ሻ" ይጀምሩታል። ፈረንሳዮች ግዛቪዬ ይላሉ። ካታላኖች ተጫዋቹን ቻቢ ብለው ያቆላምጡታል። ባስኮች ሻቢ ይላሉ። የ"ዣ" ድምፅ ከእነዚህ ከአንዱም አይመጣም። ልማድ ከሆነ ይሁን፤ ግን የማን ልማድ ነው?

መልስ 21 ከባርሴሎና አጠገብ የሚኖር ወንድማችን ነው። ክሩ ከዚህ በኋላ ስለ ፊደል ብቻ አልነበረም። ጎረቤቱ ሽማግሌ መታወቂያቸው ላይ ኻቢየር ናቸው። እናታቸው ግን እስክትሞት ድረስ በካታላኑ ስም፣ ሻቢዬ፣ ስትጠራቸው ኖረች። ምክንያቱ ሕግ ነው። የአምባገነኑ የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት በ1938 ከካስቲሊያ ስፓኒሽ ውጭ ያሉ ስሞች በመዝገብ እንዳይገቡ ከለከለ። በካታላን፣ በባስክ፣ በጋሊሲያ ቋንቋ ልጅ ማስመዝገብ አይቻልም ነበር። ፍራንኮ በ1975 ሞተ። በጥር 1977 የወጣ ሕግ ወላጆች በስፔን ቋንቋዎች ሁሉ ስም እንዲያወጡ ፈቀደ። አሁን ዓመቶቹን ተመልከቱ አለ። ዣቪ የተወለደው በ1980 ነው። ዣቢ በ1981። እነዚህ ልጆች ከአሥር ዓመት በፊት ተወልደው ቢሆን ሁለቱም በመዝገብ ኻቢየር ይሆኑ ነበር። ጆሃንስበርግ ላይ በማሊያቸው ጀርባ የተጻፈው ልዩነት ለአባቶቻቸው የተከለከለ ነገር ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ፍጻሜ እንደገና አየሁት። ኳሱን አይደለም፤ ማሊያዎቹን።

መልስ 22 ያመጣው ሰው ብዙ አልጻፈም። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ መምህሩ ስሙ አይጠራልኝም ብሎ በአማርኛ ስም ቀየረው። አባቱ በአፋን ኦሮሞ ያወጡለት ስም ሰርተፊኬቱ ላይ የለም። እቤት አንድ ሰው ነው፣ ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ነው። የባርሴሎናው ሽማግሌ ገብተውኛል አለ። ትምህርት ቤቱን አልጠቀሰም።

መልስ 23 ፖለቲካ አታምጡ ብሎ ገሠጸው። እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ሰውየው የተናገረው የራሱን ስም ነው። ከዚህ የበለጠ ከርዕሱ ጋር የሚሄድ መልስ አላየሁም። መልስ 24 ጋሼ ናቸው። ሰውየውን አባቱ ያወጡለት ስም ማን እንደሆነ ጠየቁት፤ ከዚያ ወዲህ መድረኩ ላይ በእሱ ነው የሚጠሩት።

መልስ 25 እና 26 ርዕሱን ለቀው ወጡ፤ ደስ ይላል ግን። አንዱ ሳንቲያጎ "ቅዱስ ያዕቆብ" ማለት መሆኑን፣ ኻይሜም ያው ያዕቆብ መሆኑን አመጣ። ሌላዋ የስፔን ሴት ስታገባ የባሏን ስም እንደማትወስድ፣ ልጁም የአባቱንም የእናቱንም የቤተሰብ ስም እንደሚይዝ ነገረችን። ማግባት ስም አይቀይርም የሚለው ላይ ከእኛ ጋር ይገጥማሉ።

መልስ 27 ከአዲስ አበባ ነው። የጸሐፊዋ ሟች እህት ልጅ ሕፃን ሳለ በጉዲፈቻ ስፔን ሄደ። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በ2018 ሳትከለክል በፊት ብዙ ልጆች ወደዚያ አገር ሄደዋል። አሳዳጊዎቹ ኻቢየር አሉት። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሁለተኛ አድርገው ጠብቀውለታል። ዘንድሮ 17 ሞላው። አክስቱን አፈላልጎ አገኛት። ፊደል እየቆጠረ ነው፤ ደብዳቤ በአማርኛ ጻፊልኝ ብሏታል። ስሙን እንዴት እንደምትጽፍለት አላወቀችም። አሳዳጊዎቹ ያወጡለትን ስም መጀመሪያ ስትሰማ ሆዷ ባብቶ እንደነበር ጻፈች። ትርጉሙ አዲስ ቤት መሆኑን ከዚህ ክር ነው ያወቀችው። አንብባ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተጣላም። መልስ 28 በ"ኸ" እንድትጽፍ መከራት። መልስ 29 የልማድ ክርክሩን ያነሳው የመልስ 19 ሰው ነው፤ ለዚህ ልጅ ሲሆን በትክክል ይጻፍ አለ። መልስ 30 "ቢ" ወይስ "ቪ" ብሎ ጠየቀ። መልስ 31 የቋንቋ ተማሪዋ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ልጁን ጠይቂው አለቻት። መልስ 32 እና 33 ለአክስትየው የተላኩ ምርቃቶች ናቸው።

መልስ 34 የአክስትየው ነው። ደውላለት ስሙን ሦስት ጊዜ አስጠርታዋለች። ከጉሮሮው ነው የሚጀምረው፤ በ"ቢ" ነው የሚያልፈው። ፊደሏን በስልክ ካሜራ አሳየችው፦ ኻ። ይህቺ የእኔ ናት ወይ አላት። ደብዳቤው በማግስቱ ተላከ። ከላይ የተጻፈው ኻቢየር ነው፤ ከሥሩ እናቱ ያወጣችለት ስም አለ።